የጋሽ ቶላ ቢላና የበሬው ዓይን

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ከወይንሸት ጋር አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ፣ ጨው የተነሰነሰበት እርጥብ ቆዳ የጫነ መኪና በአጠገባችን አለፈ። ሰልፉ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። አንዱ ወጣት "ኧረ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል!" ብሎ የጃኬቱን ኮሌታ ወደ አፉ ሳበ። እኔ አልያዝኩም፤ እንዲያውም አየሩን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ልጄ ደነገጠች። "አባባ፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ እንጂ!" አለችኝ። "አንቺን ያሳደገሽ ይሄ ሽታ ነው" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ እንደማላውቅ ከማንም በላይ የምታውቀው ግን እሷ ናት። ታክሲው መጥቶ ተሳፈርን፤ እሷ ስልኳን ስትነካካ እኔ በመስኮት እያየሁ ብዙ ዓመት ወደኋላ ሄድኩ። ለልጆቼ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ውሸት አትናገሩ እያልኩ በቀበቶ ጭምር ያሳደግኳቸው ስለሆነ መንገር ይገባኝ ነበር። ፊት ለፊት መናገሩ ስላቃተኝ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ከሸጎሌ ዝቅ ብሎ አንዲት አነስተኛ የመንግሥት ቄራ ነበረች። ዛሬ ቦታው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ከብት ይነዳበት በነበረው መንገድ ሚኒባሶች ይጋፋሉ። ያኔ ጠዋት ከጉለሌ ስወርድ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ያጋጥሙኛል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ በልብሴ ላይ ይቀራል፤ ቄራው በር ስደርስ የደሙና የጨው ሽታ ይቀበለኛል። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው በሳንቲም ይሄዳል፤ የቸኮለ ደግሞ ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ ይሳፈራል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ በእግሬ ነበርኩ። ካኪ ሱሪና አንድ የማልቀይራት ቡናማ ሹራብ ነበረችኝ። ወጣቶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ጎሚስታው ጥግ ላይ ቆመው ከካሴት የሚወጣ ዘፈን ይሰሙ ነበር፤ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሹን ሲጀምር ደግሞ ቴፑን ያጠፉታል። ስጋ በኪሎ ጥቂት ብር ነበር። ዛሬ ዋጋውን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ስኳርና ሳሙና ግን በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር፤ እሱን ስነግራቸው ደግሞ አይሰሙኝም።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ትንሽ እንግሊዝኛም ሽፋን ከሌለው አሮጌ መዝገበ ቃላት ለቅሜያለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር። ይህን አይተው ወደ ቄራው ያስገቡኝ ጋሽ ቶላ ናቸው። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሚስቴ ወይንሸትን ስትወልድ ክርስትና ያነሷት ባለቤታቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ቶላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "አበልጄ" ነበር የሚሉኝ። ከቀንድ የተሠራ ማበጠሪያ፣ ከቀንድ የተሠራ ማንኪያ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር በኪሳቸው ይዘው ወደ ቤታችን ይመጡ ነበር።

ጋሽ ቶላ በክርስቲያኑ በኩል የሚያርዱት ሰው ነበሩ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ በሬው ጠባቧ አጥር ውስጥ ሲገባ ከጎን ባለው ደረጃ ላይ ይቆማሉ፤ በአፋቸው እንደ ማጉረምረም ያለ፣ ገበሬ ለእርሻ በሬው የሚያሰማውን ዓይነት ዜማ ያሰማሉ፤ በሬው ጆሮውን ሲያቆም አጭሯን ሹል ቢላ ከቀንዶቹ ጀርባ፣ ራስና አንገት የሚገናኙበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተክሏታል። በሬው እንደ ባዶ ጆንያ ይወድቃል። አይጮህም፣ አይፈራገጥም። ሦስት አራቱን እንዲህ በተከታታይ ከጣሉ በኋላ ቢላቸውን ይጠርጋሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ረጅሙን ቢላ ያነሱና "በስመ አብ" ብለው በየተራ ያርዳሉ። የወደቀው የት ይሄዳል? ማንም አይቸኩልም ነበር። እኛ ሁላችን ዝም ያለ ነገር ሥቃይ የለበትም ብለን እናምን ነበር። ጋሽ ቶላ ራሳቸው ጉሮሯቸው ሲደርቅ ብርጭቆ አንስተው "በእኔ እጅ የተሠቃየ እንስሳ የለም፤ አምላኬ ፊት የማቀርባት ይህችን ብቻ ነው" ይሉ ነበር።

በሙስሊሙ በኩል የሚያርዱት ጋሽ ከድር ነበሩ፤ ከመርካቶ ዘመዶቻቸው ጋር ሱቅ መክፈት ትተው ቢላ የመረጡ፣ ቀልደኛ ሰው። እሳቸው በሬውን አስረው አጋድመው፣ ቢስሚላህ ብለው በአንድ ስበት ያርዳሉ፤ በሬው ግን ይፈራገጣል። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጣሪያ ላይ ስለማይደርስ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይጯጯሁ ነበር።

"ከድር! ያንተ በሬ አሁንም እየጨፈረ ነው እንዴ?"

"ዝም በል፣ አንተ ማጅራት መቺ! ከኋላ የሚመታ ሌባ ነው፤ እኔ ፊት ለፊት ነው የምገጥመው!"

"የኔ ወደቀ፣ አለቀ!"

"ወደቀ በል። ማለቁን በሬውን ጠይቅ!"

እንስቅ ነበር። ያ የጋሽ ከድር ቀልድ አንድ ቀን እውነት ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሳቸውም አላሰቡም።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ዶክተር አልማዝ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከውጭ ተምራ መጣች። ቀጭን፣ ትልቅ መነጽር ያላት፣ ከማንም ጋር የማትሞጋገስ ሴት ነበረች። ሁለት የብረት ሽጉጦች አመጣች። ጥይት አይወጣቸውም፤ የጣት ርዝመት ያለው ብረት ከአፈሙዙ ተወርውሮ ወጥቶ የበሬውን ግንባር ይመታና ይመለሳል። በሬው በዚያው ቅጽበት ራሱን ይስታል፤ ልቡ ግን እየመታ ስለሚቆይ ሲታረድ ደሙ ይፈሳል። ይህን ጋሽ ከድር አላመኑም፤ "የሞተ አላርድም፣ ዶክተር፤ እኔ ሌላ ዓለምም አለብኝ" አሏት። እጃቸውን ይዛ የወደቀው በሬ ደረት ላይ አሳረፈችላቸው። ልቡን ሰሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን "የኔን ወገን ጠይቄ እንጂ በራሴ አልወስንም" ብለው ሽጉጡን ሳይነኩ ቀሩ። ስለዚህ ሙከራው በእኛ በኩል ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ተኩሱ ሲሰማ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ በራቸውን ዘጉ። በዚያ ዘመን ተኩስ ሰምቶ "በሬ ነው" ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መሣሪያ ይዘው መጡና የበሬ ጭንቅላት አይተው ተመለሱ። ባሩድ ያለባቸው ቀለሆች በቁልፍ ሳጥን ተቆጥረው ይቀመጡ ነበር፤ ቁልፉን የሚይዘው ዘብ እንጂ ዶክተሯ አልነበረችም።

"አዲሱን ለመመዘን መጀመሪያ አሮጌውን መመዘን አለብን" አለችኝ፤ የእጅ ጽሕፈቴን አይታ ለመዝጋቢነት መርጣኝ ነበር። "አቶ በቀለ፣ እርስዎ የሚጽፉት ያዩትን ብቻ ነው። የሚያስቡትን አይጻፉ።" ይህ አነጋገር ደስ አለኝ። እኔን የመሰለ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ምን ማየት እንዳለብኝ አስተማረችኝ፦ ይተነፍሳል ወይ? ምላሱ ተዝለፍልፏል ወይ? ከሁሉ በላይ ዓይኑን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መንካት። ዓይኑን ከጨፈነ እንስሳው አለ፤ ካልጨፈነ የለም። "አለ" ማለት ያውቃል፣ ይሰማዋል ማለት ነው።

በሽጉጥ የተመቱትን ነካሁ፤ አንድ ሁለቱ ሲቀሩ ዓይናቸው እንደ ብርጭቆ ነበር። ቀጥሎ ጋሽ ቶላ የጣሉትን ነካሁ። የመጀመሪያው ጨፈነ። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ነካሁት፤ እንደገና ጨፈነ። ሁለተኛው ጨፈነ። ሦስተኛው ጣቴ ሳይነካው፣ ገና ሲቀርብ አይቶ ጨፈነ። ጋሽ ቶላ በዚያን ሰዓት ጥግ ላይ ቆመው ውኃቸውን እየጠጡ ነበር። ዶክተር አልማዝ ወደ ጎን ወስዳ በዝግታ አስረዳችኝ። "ቢላው የሚቆርጠው ከራስ ወደ እግር የሚወርደውን መስመር ነው። የስልክ ሽቦ እንደ መቁረጥ ነው፤ ሰውየው ግን ቤቱ ውስጥ አለ።" ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ያን ሁሉ ዓመት ወለሉ ላይ ተኝተው ተራቸውን የጠበቁት፣ ሁሉን እያዩ፣ ሁሉን እየሰሙ ነበር። መጮህ ስላልቻሉ ብቻ ደህና ናቸው አልናቸው። እኔ ፖለቲካ አላውቅም፤ ግን በዚያ ዘመን ከእንስሳ ውጭም ይህን ስህተት ስንሠራ ነበር።

አሁን ጥፋቴን እናገራለሁ። ዶክተሯ "ለአቶ ቶላ እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ሽማግሌ ናቸው" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ እውነት ቀስ ተብሎ የሚነገር ነገር አይመስለኝም ነበር። እውነት ሲነገር ሰው ከደነገጠ ጥፋቱ የሰውየው ነው ብዬ አምን ነበር፤ ሚስቴን፣ ጎረቤቶቼን፣ ኋላም ልጆቼን በዚህ እምነት ብዙ አስለቅሻለሁ። በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ስብሰባ ነበር፤ ሂስና ግለ ሂስ ይደረግበታል። ሥራ አስኪያጁ "ስለ አዲሱ መሣሪያ አስተያየት ያለው?" ሲል እጄን አወጣሁ። ወረቀቴን ይዤ ቆምኩና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በሬዎቹ ሲወጉ አይደነዝዙም፤ እስኪታረዱ ድረስ ይሰማቸዋል። የወጊውን ስም አልጠራሁም፤ ግን ወጊው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጋሽ ቶላ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም። አንድ ነገር በሩቅ ተናግሬ እንዳልሰሙኝ ሰው ጆሯቸውን ትንሽ ወደ እኔ አዘንብለው "እንዴት አልክ፣ አበልጄ?" አሉኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና አነበብኩላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ያገኛትን አጋጣሚ አላሳለፋትም። "ይህ ነው ኋላ ቀር ልማድ ማለት!" ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። በሳምንቱ ጋሽ ቶላ ቆዳ በጨው ወደሚታሽበት ክፍል ተዛወሩ፤ በቢላቸው ፋንታ ሽጉጡ ገባ። ዶክተር አልማዝ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ መነጽሯን አውልቃ "ያዩትን ይጻፉ አልኩዎት እንጂ ሰው ይግደሉበት አልኩዎት?" አለችኝ። መልስ ነበረኝ። በዚያን ጊዜ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ።

ክረምት ከበጋ ጨው ውስጥ ቆመው የሚውሉ ሰዎች እጃቸው ይሰነጠቃል። ጋሽ ቶላ ግን ስለ እጃቸው አላማረሩም። ወደ ቤታችን መምጣት አቆሙ፤ ወይንሸት ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ስጋ መብላት እንደተዉ ከሚስታቸው ሰማን። ጋሽ ከድር ምሳ ሰዓት ላይ ከግድግዳው ማዶ "ቶላ! ማጅራት መቺው!" ብለው በልማዳቸው ተጣርተው መልስ ሲያጡ፣ ወደ ጨው ክፍሉ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲመለሱ እኔን አልፈው ሊሄዱ ካሉ በኋላ ቆመው "በቀለ፣ የኔም በሬ እስኪሞት ያውቃል፤ እኔ ይህን ስለማውቅ ነው የምቸኩለው። እሱ ግን አያውቅም ነበር። የማያውቅ ሰው እንዲህ አይነገረውም" አሉኝ።

ሁዳዴ ገባ። በክርስቲያኑ በኩል እርድ ስለሌለ ቤቱ ተዘግቶ ቆየ። ፋሲካ ሲቃረብ ሳጥኑ ሲከፈት ቀለሆቹ ጥቂት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ውስጣቸው እርጥበት ገብቶ ነበር። ሌላ እንዲመጣ ተጽፎ ነበር፤ ያኔም ከዚያም በኋላ አልመጣም። የመጀመሪያው በሬ ላይ ሽጉጡ ፊሽ ብሎ ከሸፈ፤ በሬው ግንባሩ ደምቶ አጥሩን ሰብሮ ወጣ። ዶክተር አልማዝ ሽጉጡን መሬት ላይ አስቀመጠችና "ይቁም" አለች። ማን ይሰማታል! ከተማው ሙሉ ለፋሲካ ስጋ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ ከጫኝና አውራጆቹ ሁለት ጉልበተኞች አምጥቶ ቢላ አስያዛቸው። ያየሁትን መጻፍ ሥራዬ ስለነበረ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ የተወጋ ነበር። አንዱ የጆሮ ግንድ ላይ፣ አንዱ ትከሻ ላይ። ቤቱ እንደዚያ ቀን ጮሆ አያውቅም። በአንድ ስብሰባ ባነበብኳት ወረቀት ለእንስሳቱ ያተረፍኩላቸው ይህን ነበር።

ብዕሬን ትቼ ወደ ጨው ክፍሉ ሄድኩ። ጋሽ ቶላ ድምፁን ሰምተው ኖሮ ቆመው ነበር፤ ሁለት እጃቸው እስከ ክርናቸው ጨው ነው።

"ጋሽ ቶላ፣ ይምጡ" አልኳቸው።

"የት?"

"እየጨረሱዋቸው ነው። አይችሉበትም።"

"እኔስ እችልበታለሁ እንዴ? ስታነብ ሰምቼሃለሁ እኮ።"

"ከእነዚህ የእርስዎ ይሻላል።"

ከዚያ ማዶ አንዱ በሬ ሲጮህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሳላውቅ ስሠራው ኃጢአት አልነበረም ብዬ ነበር የተጽናናሁት" አሉ። "አሁን እያወቅኩ ልሥራው ነው የምትለኝ።"

ባልዲ ውኃ አቀረብኩላቸው።

እጃቸውን ታጠቡ። ሲወጡ ክንዴን ያዙኝና እንዲህ አሉኝ፦ "አንድ ነገር ታደርግልኛለህ። በወጋሁ ቁጥር አጠገቤ ቁም። ዓይኑን ንካ። ካለ 'አለ' በለኝ፤ ከሌለ 'የለም'። ለስብሰባ አታንብበው። ለእኔ ብቻ ንገረኝ። አንተ እንደማትዋሽ አውቃለሁ፤ እሱን ነው የምፈልገው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራራቸው ተለወጠ። ሦስት አራት መጣል ቀረ፤ አንዱን ይወጋሉ፣ ወዲያው ረጅሙን ቢላ ያነሳሉ፣ ያርዳሉ። በጋሽ ከድር መሳያ ድንጋይ ቢላቸውን ይስሉ ነበር። ሥራው ዘገየ፤ ሥራ አስኪያጁ ጮኸ፤ እሳቸው አልሰሙትም። እኔ ተንበርክኬ ዓይኑን እነካለሁ። "አለ" እላለሁ፤ እጃቸው ይፈጥናል። ደሙ ይወርዳል። "አለ።" "አሁንስ?" "አለ።" "አሁንስ?" "የለም።" ያን ጊዜ ብቻ ይተነፍሳሉ። ዜማቸውን ግን ተዉት። በሬውን ማባበል ማታለል መሰላቸው መሰለኝ፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። በቀን ስንት ጊዜ "አለ" እንዳልኳቸው አልቆጠርኩም። እያንዳንዱ "አለ" ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ግን አያለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውየው ጎበጡ፣ ጸጉራቸው ነጣ፣ የቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከቄራው ሊወጡ ይችሉ ነበር። አልወጡም፤ የሚተካቸው ሰው እንደሌለ ያውቁ ነበር።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም፤ በር ላይ ያሉት ዘቦች ካፖርታቸው ላይ አደይ አበባ ሰክተዋል። ሰውና ከብት ከጠዋት ጀምሮ ይጋፋል። ወደ ማብቂያው አንድ ቀይ፣ ትንሽ በሬ ገባ። እጃቸው ተንቀጠቀጠና ቢላዋ ሳተች። ደገሙ፤ ወደቀ። ረጅሙን ቢላ አንስተው አረዱ፤ ግን እሱም እንደ ወትሮው አልሄደላቸውም።

"አሁንስ?" አሉኝ።

ነካሁት። ጨፈነ። "አለ።"

ትንሽ ቆይተው "አሁንስ?"

ነካሁት። ጨፈነ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ከዓይናቸው የሚወርደው ዝናብ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ነበርን። እኔ ለሚስቴ ያልራራሁ፣ ለልጆቼ ያልራራሁ፣ ለእሳቸውም በዚያ አርብ ያልራራሁ ሰው፣ ያን ጊዜ አንጀቴ አልቻለም።

"የለም" አልኳቸው።

አልተነፈሱም። ያን ያህል ዓመት እንስሳ ፊት የቆመ ሰው ነበሩ፤ ወይ ከድምፄ፣ ወይ ከበሬው አንድ ነገር አይተው ይሆናል። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፤ በአመልካች ጣታቸው የበሬውን ዓይን ነኩ። በሬው ጨፈነ። ጣታቸውን እዚያው አድርገው እስኪያቆም ድረስ ጠበቁ። ከዚያ ተነሱ፣ ቢላቸውን ጠረጉ፣ በሬ ለሚያስገባው ሰው "ሌላውን አምጣ" አሉት።

እስኪሞቱ ድረስ አልተቀየሙኝም። በበዓሉ ማግስት ለወይንሸት ቀይ የጸጉር ሪባን ይዘውላት መጡ፤ ቤታችን ቁጭ ብለው ሻይ ጠጡ፤ "አበልጄ" አሉኝ። ጡረታ እስኪወጡም ድረስ በየቀኑ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ሂድ አላሉኝም። ግን ከዚያ ቀይ በሬ በኋላ "አሁንስ?" ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። በወጉ ቁጥር፣ በዚያ የጎበጠ ወገባቸው፣ ራሳቸው ጎንበስ እያሉ ይነኩ ነበር።